የገፋ ሆድ ሁሉ ስብ አይደለም

በሱዳን ገበያዎች፣ ሽቶና ቅባት በሚሸጥባቸው ትናንሽ ሱቆች፣ ሐኪም ያላዘዘው ክኒን በፍሬ እየተቆጠረ ይሸጣል። ካርቶን የለው፣ መመሪያ ወረቀት የለው፤ በላስቲክ ተቋጥሮ እጅ ላይ ይቀመጣል። ገዢዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሰርጋቸው የተቃረበ፣ ወይም «ምነው ከሳሽ» መባል የሰለቻቸው። ክኒኑ ያወፍራል። ጉንጭ ይሞላል፣ ሆድ ይገፋል። ከድንበሩ ወዲህ፣ መተማንና ጎንደርን አልፎ አዲስ አበባ ሲደረስ ደግሞ ሌላ ገበያ አለ፤ እዚያ የሚሸጠው መክሳት ነው። በስልክ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ የበፊቱንና የአሁኑን ሆድ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ጠዋት ገብቶ ማታ መውጣት እንደሆነም ይናገራል።

በእነዚህ ሁለት ገበያዎች መካከል ያለው አገር ፋሽጋ ነው፤ በአትባራ፣ በሰቲትና በባሰላም ወንዞች መካከል የተዘረጋ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅል ጥቁር መሬት። ስሙ በዜና የሚነሳው በኢትዮጵያና በሱዳን የድንበር ጉዳይ ነው፤ የ1902ቱ ውል፣ የ2020 መጨረሻው ፍጥጫ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ነዋሪው ጤና ግን ብዙ አይወራም። ሰሊጡ ታጭዶ ሲሸጥ እጅ ላይ ገንዘብ የሚገባበት ወቅት አለ፤ ባለእርሻውም፣ ነጋዴዋም፣ ሻይ ቤት ያላትም ለዓመታት ያሰቡትን የሚፈጽሙት ያኔ ነው። ቀድሞ በሱዳን በኩል ያለው የገዳሪፍ ሰው ለከባድ ሕክምና ካርቱም ይሄድ ነበር። በ2023 ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ ግን የካርቱም ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ አቅም ያለው ወደ ካይሮ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ኢስታንቡል ማየት ጀመረ። ወዲህ ያለው የመተማና የሁመራ ሰውም ለእንዲህ ያለ ሕክምና ሩቅ መሄድ አለበት። ስብን በቀዶ ጥገና ማስወጣት፣ ላይፖሰክሽን የሚሉት፣ ለዚህ አካባቢ ሰው ከሌላው የተለየ ጥያቄ የሚያስነሳው ለዚህ ነው። የሚታከምበት ቦታ ሩቅ ነው፤ ይዞት የሚሄደው ሰውነት ደግሞ የቆላ ሰውነት ነው።

እስቲ መተማ ዮሐንስ ላይ ሰሊጥና ቡና የምትነግድ አንዲት ሴት በሐሳባችን እንያዝ። ሦስት ልጅ ወልዳለች፣ ሆዷ አልመለስ ብሏታል፣ ገንዘቡም አላት። አዲስ አበባ ደርሳ ሐኪሙ ፊት ስትቆም ምን ይጠብቃታል?

መጀመሪያ በቁሟ ትሣላለች። ሐኪሙ ስቡ ያለበትን ቦታ በቀለም ክብ በክብ ያሰምርባታል፤ ሰው ሲተኛ ስቡ ወደ ጎን ስለሚፈስ፣ ምልክቱ በቁም ካልተደረገ አይታመንም። ከዚያ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ይነፋል፤ የጨው ውኃ ነው፣ ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣና ጥቂት አድሬናሊን የተቀላቀለበት። ቆዳው ይወጠራል፣ ይነጣል። አድሬናሊኑ ደም ሥሮቹን አጥብቦ ደም እንዳይፈስ ያደርጋል። ቀጥሎ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ ጫፉ ደነዝ የሆነ ቀጭን የብረት ቱቦ ይገባል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ቱቦውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፣ የሌላው እጁ መዳፍ ደግሞ ከቆዳው በላይ ሆኖ የቱቦውን ጫፍ ይከተላል። ጫፉ የት እንዳለ የሚነግረው ያ መዳፍ ነው። በማጠራቀሚያው ጠርሙስ ውስጥ የሚወርደው እንደ ቀለጠ ቅቤ ቢጫ ነው፤ ቀይ እየበዛበት ከመጣ ከዚያ ቦታ ማቆም አለበት።

ይህ ዘዴ እዚህ የደረሰው በብዙ ሰው ስቃይ ነው። በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ሻርል ዱዣርዬ የተባለ ሐኪም የአንዲት ዳንሰኛን ባት ለማቅጠን ስቡን ፍቆ አወጣ፤ እግሯ በሰበሰ፣ ተቆረጠም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም የደፈረው አልነበረም። በ1970ዎቹ ጣሊያናውያኑ አባትና ልጅ፣ አርፓድ እና ጆርጆ ፊሸር፣ በቱቦ መምጠጥን ጀመሩ፤ ፈረንሳዊው ኢቭ ዤራር ኢሉዝ ደነዙን ቱቦ አስለመደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የካሊፎርኒያው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን በብዙ ውኃ የተበረዘ ማደንዘዣ ከቆዳ ሥር የመንፋቱን ዘዴ አመጣ፤ የደም መፍሰሱ የቀነሰው ያኔ ነው። ዛሬ በዓለም በ1 ዓመት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህን ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ላይፖሰክሽን ክብደት መቀነሻ አይደለም። ቅርጽ ማስተካከያ ነው። ቱቦው የሚደርሰው ቆዳና ጡንቻ መካከል ካለው ስብ ብቻ ነው፤ በጣት የሚቆነጠጠው እርሱ ነው። ከጡንቻው በታች፣ አንጀት ዙሪያ የተከማቸውን ስብ አይነካም። ሲነኩት ጠንከር ያለ፣ እንደ ከበሮ የተነፋ የወንድ ቦርጭ አብዛኛው ከዚያ የውስጡ ዓይነት ነው፤ ያ የሚቀንሰው በምግብ፣ በእንቅስቃሴ፣ ካስፈለገም በሐኪም በሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የወሊድ ሸንተረርንና የላላ ቆዳንም ላይፖሰክሽን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሥሩ ያለው ስብ ሲወጣ የላላ ቆዳ ይብሱን ሊንጠለጠል ይችላል። ለሦስት ልጅ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ችግሯ ቆዳውና የተለያየው የሆድ ጡንቻ ከሆነ፣ ስቡን ማውጣት አይመልሰውም።

ስኳርን፣ ደም ግፊትን ይፈውሳል የሚለውም ተፈትሿል። በ2004 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ከመጠን በላይ ከወፈሩ 15 ሴቶች እያንዳንዳቸው ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ወጣላቸው፤ ከወራት በኋላ ሲለኩ ስኳራቸውም፣ ግፊታቸውም፣ የደም ቅባታቸውም አልተሻሻለም ነበር። በ2011 የታተመ የኮሎራዶ ጥናት ደግሞ የወጣው ስብ በ1 ዓመት ውስጥ ተመልሶ እንደሚጠራቀም፣ የሚመለሰውም ከወጣበት ከጭን ሳይሆን በላይኛው ሆድ እንደሆነ አሳየ። ለራሴ ሳስበው፣ ታካሚ ሁሉ ገንዘቡን ከማስያዙ በፊት ሊያነበው የሚገባ ይህ ነው።

ወደ ፋሽጋ ልመለስ። የገዳሪፍ ግዛት በሱዳን ካላዛር ከሚበረታባቸው አካባቢዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ወዲህ መተማና ሁመራም እንዲሁ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ መሬት ስንጥቅና ጣልህ በሚሉት ግራር አጠገብ ትኖራለች። የሱዳን ሙሽሮች ለጢስ መሞቂያ የሚያነዱት እንጨትም ከዚሁ ዛፍ ነው። ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል። ሆድ ይገፋል፤ ክንድና እግር ግን ይከሳል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ አፍንጫ ይደማል፣ ደም ያንሳል። ሳይታከም ከቀረ ሁልጊዜ ይገድላል ማለት ይቻላል።

በዚህ አገር ኖሮ፣ ወይም በሰሊጥ አጨዳ ወቅት እዚያ ከርሞ፣ ሆዱ የገፋ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስቡን ማን ያወጣልኛል» ብሎ አይደለም። ጋደም ብሎ ሐኪም ከግራ የጎድን አጥንቱ በታች በእጁ እንዲዳስሰው ነው የሚያስፈልገው። ያበጠ ጣፊያ በእጅ ይገኛል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ያረጋግጠዋል። በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራም አለ። በቢልሃርዚያ ወይም በሄፓታይተስ የተጎዳ ጉበትም እንዲሁ ሆድን ውኃ ይሞላል። ያበጠ ጣፊያ ያለበት ሆድ ውስጥ የብረት ቱቦ መግፋት ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም፤ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም በካላዛር ስለሚያንስ የተነካው ሁሉ ይደማል። እምብርቱ የወጣ፣ ወይም በቀዶ ጥገና ወልዳ ጠባሳው ላይ ጉብ ያለባት ሰውም አስቀድሞ መታየት አለበት፤ በላላው ቦታ አንጀት ከቆዳው ሥር ሊገኝ ይችላል፣ ቱቦውም ይበሳዋል። ወባና ሌላም ሕመም ያመጣው የደም ማነስ፣ በምሥራቅ ሱዳን በአንዳንድ ቤተሰቦች የሚወረሰው ሲክል ሴል የተባለ የደም ሕመምም ከቀዶ ጥገና በፊት መታወቅ ያለባቸው ናቸው። አንድ ሐኪም ሆዱን ሳይዳስስ፣ ደም ሳያስመረምር፣ በስልክ በተላከ ፎቶ ብቻ ቀን የሚቆርጥ ከሆነ፣ ወደ እርሱ መሄድ አይገባም። ካሊፎርኒያ ራሷ ከማስዋቢያ ቀዶ ጥገና በፊት የአካል ምርመራ ግዴታ ይሁን የሚል ሕግ ያወጣችው በ2009 ነው፤ የዘፋኙ ካንዬ ዌስት እናት ዶንዳ ዌስት በ2007 ላይፖሰክሽን ከተደረገላቸው ማግሥት ከሞቱ በኋላ።

እግርም ቢሆን እንዲሁ ነው። በደጋ ቀይ አፈር በባዶ እግር ኖሮ እግሩ ያበጠ ሰው ያለበት ዝሆኔ ነው። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገመታል፤ መድኃኒቱም በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ማሰርና ጫማ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን ብሮርሾን ለዓመታት ቆይቶ ወደ ስብ ለተለወጠ የእግርና የክንድ እብጠት ላይፖሰክሽንን ተጠቅሞ ጥሩ ውጤት አግኝቷል፤ ግን ታካሚዎቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚለበሰውን ጠባብ ልብስ ዕድሜ ልካቸውን ቀንና ሌሊት መልበስ አለባቸው።

አሁን ወደ ክኒኑ። በሱዳን በፍሬ የሚሸጡት የማወፈሪያ ክኒኖች ብዙዎቹ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ናቸው፤ ስቴሮይድ የሚባሉት። አንዳንዱ ደግሞ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት የአለርጂ መድኃኒት ነው። ስቴሮይድ ፊትን እንደ ሙሉ ጨረቃ ያከብባል፣ ማጅራትና ሆድ ላይ ስብ ያከማቻል፣ ክንድና ጭንን ያሳሳል፣ ቆዳን ያቀጥናል። ቆዳ ለማንጣት በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥም ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ፤ ሰፊ ቦታ ለረጅም ጊዜ የተቀባች ሴት ክኒን ባትውጥም መድኃኒቱ ወደ ደሟ ይገባል።

ለቀዶ ጥገና አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች በጭንቅ ሰዓት ሰውነት የሚደገፍበትን ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ክኒኑ ከውጭ ሲመጣ ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ፤ ለሳምንታት የተወሰደ እንደሆነ ይተኛሉ፣ ክኒኑ ከቆመ በኋላም ለወራት ላይነቁ ይችላሉ። እንዲህ ያለች ሴት ሳትናገር ሰመመን ከተሰጣት፣ ሰውነቷ ኮርቲሶል ሲጠይቅ የሚሰጠው የለም፤ ግፊቷ ይወድቃል፣ ሐኪሞቹም ምክንያቱን አያውቁም። ከተናገረች ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ ይሰጣታል። ደብቃ ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቆሟ ደግሞ ራሱ ሊገድላት ይችላል፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሴቶቹ የሚደብቁት ስለሚያፍሩ ነው። ስለዚህ ቃሉን እዚሁ ላስቀምጠው፣ እንዳለ ይወሰድ፤ «ዶክተር፣ ልወፍር ብዬ ከገበያ የገዛሁትን ክኒን ስወስድ ነበር። ስሙን አላውቀውም። ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ወስጃለሁ፣ ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው።» የቀረ ክኒን ካለ ይዞ መሄድ ነው። ደግሞም አንድ መልካም ነገር አለ፤ በስቴሮይድ የመጣ ስብ መድኃኒቱ በትክክል ሲቀነስ በወራት ውስጥ በራሱ ብዙው ይወርዳል። ብዙዎቹ ጭራሽ ቀዶ ጥገና አያስፈልጋቸውም።

ሞቱስ? በአሜሪካ ከ1994 እስከ 1998 በተደረጉ ቀዶ ጥገናዎች ላይ የተሠራ አንድ የታወቀ ዳሰሳ ከ100,000 ታካሚዎች 19 ያህሉ እንደሞቱ አገኘ፤ ወደ 5,000 ገደማ ለሚሆኑ ታካሚዎች 1 ሞት ማለት ነው። ዋናው ምክንያት ከእግር ተነሥቶ ሳንባ የሚዘጋ የረጋ ደም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠለጠኑ ሐኪሞች ጥንቃቄ ሲጨምር አደጋው ቀንሷል። ሊቀንስ ያልቻለው ርካሽ ጥቅል ዋጋ ተከትለው ድንበር በሚሻገሩት ላይ ነው። ከ2009 እስከ 2022 ድረስ ለማስዋቢያ ቀዶ ጥገና ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከሄዱ አሜሪካውያን 93ቱ ሞተዋል፤ በቅርብ ከተመረመሩት ውስጥ የሚበልጡት የሞቱት ሳንባቸው በስብ ወይም በረጋ ደም ተዘግቶ ነው። በ2023 በሜክሲኮዋ ማታሞሮስ ሁለት ክሊኒኮች ውስጥ ላይፖሰክሽንና መሰል ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው በጀርባ አጥንት መርፌ የደነዘዙ ታካሚዎች በሻጋታ የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ተያዙ፤ ከአሥር በላይ ሞቱ። ስቡን ማውጣቱ አልነበረም የገደላቸው፤ መርፌው ነው።

ከሆድ የወጣውን ስብ መቀመጫ ላይ መልሶ መሙላት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በ2018 የወጣ የቀዶ ሐኪሞች ግምገማ ከ3,000 ታካሚዎች 1 ሊሞት እንደሚችል ገምቷል፤ ስቡ በመቀመጫ ጡንቻ ውስጥ ባሉ ትላልቅ ደም ሥሮች ገብቶ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይሄዳል። እንግሊዝ አገር ያለው የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት አባላቱን አትሥሩት አለ። በኋላ የተፈቀደው ስቡ ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን ከቆዳ ሥር ብቻ፣ መርፌውም በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲሆን ተብሎ ነው። እኔን የሚጠይቀኝ ዘመድ ቢኖር ተወው እለዋለሁ።

በአንድ ጊዜ የሚወጣው መጠንም አለ። ከ5 ሊትር በላይ ሲሆን ብዙ ተብሎ ይቆጠራል፤ ታካሚዋ ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ማደር፣ ሌሊቱንም ክትትል ሊደረግላት ይገባል። ሊዶኬይኑ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከተነፋ በግምት ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት የተሠራላት ሴት አደጋው የሚያገኛት ሐኪሙ ቤቱ ገብቶ፣ እርሷም ሆቴሏ ተኝታ ነው። የከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ የጆሮ ጩኸት፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ። «ማታ መውጣት ነው» የሚለው ማስታወቂያ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

በአገራችን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ በየካቲት 12ና በአለርት ሆስፒታል ቀናቸውን የሚያሳልፉት በእሳት የተቃጠለ ልጅ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የተኮማተረ እጅ ሲጠግኑ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ሌላው ይገባል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ቀዶ ሐኪም አይደለም፤ «ማን ነው የሚሠራኝ፣ የሠለጠነው በምንድን ነው» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ተቋሙ በአዲስ አበባ ከሆነ የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ከቀዶ ሐኪሙ እኩል ግን ስለ ሰመመን ባለሙያው ይጠየቅ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራስጌ የሚቆም፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው መኖሩ። ኦክስጅንና ደም መኖሩም ይጠየቅ፤ ሌሊት አንድ ነገር ቢሆን ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደምትወሰድ ስሙን ይንገሯት።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ 4 ሳምንት መቆም አለባቸው፤ ጭሱ ቆዳው የሚድንበትን ደም ይከለክላል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ትናገር፤ አንዳንዱ ደም ያረጋል። ጠባሳዋ እያደገ የሚወፍር፣ ኬሎይድ የሚወጣባት ሴት ደግሞ ጆሮዋን የተበሳችበትን ቦታ ለሐኪሙ ታሳየው።

በኋላ ያለው ከማስታወቂያው በጣም የተለየ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ከየቀዳዳው ቀላ ያለ ውኃ እየወረደ አንሶላ ያረጥባል፤ የተነፋው ፈሳሽ ነው፣ አያስደነግጥ። ሰውነት ይበልዛል፣ ያብጣል፣ እንዲያውም መጀመሪያ ከቀድሞው ወፈር ብሎ ይታያል። ቆዳው ለሳምንታት ይደነዝዛል። ጠባቡ ልብስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊለበስ ይገባል፤ ይህ በአዲስ አበባ ብርድ ይቻላል፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በሚያዝያ የገዳሪፍና የመተማ ቆላ ግን ከባድ ነው። ላብ ከሥሩ ቆዳን ያቆስላል፤ ሴቲቱም አውልቃ ትጥለዋለች። ስለዚህ ወቅቱ ከመከሩ በኋላ ያለው ብርዳማ ጊዜ ቢሆን ይሻላል። የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ነው፤ ጎርበጥ ያለ፣ አንዱ ጎን ከሌላው ያልተካከለ ሆኖ ሊቀርም ይችላል።

ያቺ የመተማ ነጋዴ ሁሉን ሰምታ፣ ተመርምራ፣ ጣፊያዋ ደህና ሆኖ፣ ክኒንም ሳይኖርባት ብትወስን እንኳ ሦስተኛዋ ሌሊት ትቀራለች። ስብ ሳንባ ሲደርስ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሐሳብ ይዛባል፣ ደረት ላይ ነጠብጣብ ይወጣል። አንጀት ተበስቶ ከሆነ የሆድ ሕመሙ እየባሰ ይሄዳል፣ ያስመልሳል፣ ያተኩሳል። ቆዳው ላይ ብዙ ሳይታይ ሕመሙ ከልክ ያለፈ ከሆነ ሥጋ የሚበላ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ሰዓት አይሰጥም። በእነዚያ ሌሊቶች መንገድ ላይ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ ልትሆን አይገባም። ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይታ፣ እኅቷ አብራት አድራ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ በየሰዓቱ ከአልጋዋ ተነሥታ በመተላለፊያው ትመላለሳለች። እኅቷ ጠዋትና ማታ ባቷን ትነካካላታለች፤ አንዱ እግር ብቻ ሞቆ፣ አብጦ፣ ሲጫኑት ካመመ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። አሥር ቀን አልፎ ሐኪሙ ካያትና «ሂጂ» ካላት በኋላ ጉዞውን ትጀምራለች። በየሁለት ሰዓቱም ሹፌሩን «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ አቁምልኝ» ብላ ትወርዳለች፤ አውቶቡሱ ዳር ጥቂት ወዲያ ወዲህ ብላ፣ ውኃዋን ጠጥታ ትመለሳለች።